ሰባ ሁለት ባር ዝምታ

ቦታዬ ከኋላ ነው፣ ከጥሩምባዎቹ ጀርባ፤
መብራቱም ሲተርፈው ነው እኔ ጋ የሚገባ።
ሁለት ቲምፓኒ፤ አንዱ ጤነኛ፣ አንዱ እግሩን የታመመ፣
ሂርማታ ገበያ ዳር በብየዳ ያገገመ፤
መቀመጫዬ በርጩማ፣
ባለሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ የጅማ።
ወንበር አልቆ ነው እንጂ እኔማ አልመረጥኩትም፤
ግን እሱና ከበሮው ዘመድ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ቀን ቀን የእንስሳት ሕክምና አራተኛ ዓመት ነኝ።
ጆሮዬን ላሚቱ ግራ ጎን ላይ ለጥፌ
ጨጓራዋ በሁለት ደቂቃ ስንቴ እንደሚያጉረመርም
መቁጠር ነው ትምህርቴ።
ማታ ደግሞ እዚህ፣
ሰባ ሁለት ባር ዝም ብዬ ቆጥሬ፣ ከዚያ አንዴ ልምታ።
ለእናቴ በስልክ ብነግራት፣ «ሰባ ሁለት ባር?» አለች ደንግጣ፣
«በአንድ ማታ?»

የሶሎ ውድድሩ ፍጻሜ ላይ ሦስት ሰው ቀርቷል፦
ቫዮሊን ከሕግ፣ ጫማው ከሱ ቀድሞ ሰላም የሚል፤
ፒያኖ ከፋርማሲ፣ ጥፍሯን በልታ የጨረሰች፤
ሦስተኛዋ ከሲቪል ምሕንድስና፣ ራሕማ አባ ፊጣ፣
በክላርኔት፣ ከፖሊስ ማርሽ ባንድ በውሰት በመጣ፤
እስከ ሰኞ ካልተመለሰ
የፈረመው አጎቷ ነው የሚቀጣ።

ሁለቱ ተጫውተው ወጡ። ጭብጨባው ደኅና ነበረ።
እሷ ስትገባ ሰማዩ በጅሬን በኩል ጠቆረ።
ኦቦው «ላ» ብሎ ሰጣት፤
«ላ» ብላ መለሰችለት።
መምህር ኬነሳ
በትሩን ሲያነሳ
ጀመርኩ፦ አንድ፣ ሁለት ሦስት አራት።
ሁለት፣ ሁለት ሦስት አራት።
ዘጠኝ ላይ ቫዮላዎቹ እንደ በር ቀስ ብለው ተከፈቱ፤
አሥራ አራት ላይ ገባች እሷ፣
ጨለማ ቤት ውስጥ ማብሪያውን እንደሚዳብስ ሰው፣
በታችኛው ድምፅ፣ እንጨቱ ገና ሳይሞቀው።

ሠላሳ ስድስት ላይ ዝናቡ መጣ።
የጅማ ዝናብ መቼ አንኳኩቶ ያውቃል?
ቆርቆሮው ላይ ወረደ
አፉ እንደተፈታ የበቆሎ ኬሻ።
የቫዮሊኖቹ ክንድ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ድምፅ ግን የለም፤
ዳኞቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።
አርባ ሁለት። አርባ ሦስት። ወይስ አራት?
ላም ስትታመም ሆዷ ዝም ይላል፤
ያኔ ፍሩ ተብለናል።
ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሲያጉረመርም ግን
ምን እንደሚደረግ አልተማርንም።

እና መታሁ።
ሰባ ሁለት ብዬ። ሰባ ነበር።
ያ አንካሳው ከበሮ፣ ለጉድ ጎልቶ፣
ዝናቡን ለሁለት ከፍቶ።

የኬነሳ ዓይን መጣብኝ። አንዱ ቤዝ ተጫዋች ሳቀ።
ራሕማ አልዞረችም።
ድምፁን ቆረጠችው። ትከሻዋ ወጣ፣ ወረደ።
ከዚያ ያንን ስህተት እንደ ጠፋ ጥጃ አንገቱን አቅፋ፣
ሳትቆጣ፣ ሳትጣደፍ፣ በሌላ መንገድ አዙራ
ወደ በረቱ መራችው።
ሌሎቹ ደረሱባት።
ዝናቡም፣ እውነቴን ነው፣ ትንሽ ቀነሰ።

ቫዮሊኑ አንደኛ። እሷ ሁለተኛ፣ በግማሽ ነጥብ።
ከዳኞቹ አንዱ ወረቀቱ ላይ «ከበሮው ቀድሟል» ብሏል፤
በቀይ።

ውጪ አባርቷል። አወቱ ደፍርሶ
የአንድ እግር ነጠላ ጫማ ይዞ በድልድዩ ሥር ይሮጣል።
ክላርኔቱን በፌስታል ጠቅልላ ባጃጅ ትጠብቃለች።
ይቅርታዬን በአፌ እየደጋገምኩ ስጠጋ፣
«ባለ ከበሮው አንተ ነህ?»
«ነኝ።»
«እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ትንፋሽ ያልቅብኝ ነበር፤
በልምምዱ ሁሉ። ዛሬ ግን…»
ባጃጁ ቆመ። «ኮቺ፣ በስንት?» አለችው ሹፌሩን፤
ገባች፤ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ክላርኔቱ ተመልሶ ይሆናል።
እኔ በረት ውስጥ ነኝ፣ ጆሮዬ ላሚቱ ጎን ላይ፣
«ዛሬ ግን» ካለችው ወዲህ ያለውን እየቆጠርኩ።
«ስንት ሰማህ?» ይላል መምህሩ ሰዓቱን እያየ።
ገና ነኝ፣ አልኩት።