ይታይሽ

ዓርብ ነው፤ አሥር ተኩል። ነቲቮት፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ይታይሽ፣ ታላቅ እህቴ፣ ጎንደር ላይ እኔን ስትጠብቅ፤
ድምፄ ይደርሳታል፣ መልኬ ግን ጨለማ።
«መብራት የላችሁም እንዴ፣ እናንተ ከተማ?»

ስልኬ ኮሸር ነው፤ ካሜራ የሚባል አያውቅም።
ላፕቶፑን ሌሊት ከምጠብቀው ትምህርት ቤት
ሊጥሉት ሲሉ ለመንኩት። ዊንዶውስ ከብዶት ሲያቃስት
አራግፌ ሊነክስ ጫንኩበት፤ ነፍስ ዘራ።
ሁሉ ነገሩ ይሠራል፣ ዋይፋዩም፣ ድምፁም፣ ፊደሉም፤
ዓይኑ ብቻ።
ከግንባሩ ላይ ጤፍ የምታህል ነጥብ፣ አትገለጥም።

ቀጥቃጭ ነበርኩ፣ እንደ አባቴ። የዚያ መንደር እናቶች
«ዓይኑ ይበላል» እያሉ ይሸፍኑብኝ ነበር ልጆች።
ዛሬ ያ ዓይኑ የተፈራው፣ መነጽሩን አጥልቆ፣
አንዲትን ዓይን «እዪኝ» ይላል፣ ኪቦርድ ላይ ወድቆ።

ተርሚናል ከፈትኩ። ያሉህን ዕቃዎች ቁጠር አልኩት፤
ማውዙን ጠራ፣ ፍላሹን ጠራ፤ ካሜራዋንም በስሟ።
ከመዝገብ አለች፤ አታይም፣ አትታይም።
(እኔም ስመጣ እንዲሁ ነበርኩ። እሱን አሁን አላወራም።)

ድራይቨሯን ነቅዬ መለስኩ። ዝም።
ሱዶ ብዬ ሥር ሆንኩ፤ ሥር ምሶ ማደር ነው ይሄ፣ ሌላ አይደለም።
«ከቪዲዮው ቡድን ስምህ የለም» አለኝ። ስሜን አስገባሁ።
ውጣና ተመልሰህ ግባ። ወጣሁ፣ ገባሁ።
ብረት ቢሆን ይቀላ ነበር፤ ሲቀላ ይታወቃል መምቻው።
ይሄ አይቀላም።

«ሰንበት ደጅ ላይ ናት» አለች ጥሩወርቅ፣ ሻማዋን ይዛ፣
«ተው፣ ዝጋው!»
አረንጓዴ ጭላንጭል።
ከዚያ እኔ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቄ፤
አምፖሉ ከወለል በቅሎ፣ ጢሜ ሽቅብ።

ይታይሽ ሳቀች፣ ሳቀች። «የሌሊት ወፍ መስለሃል!
እዚያ አገር ሰው የሚቆመው እንዲህ ነው?»
በሁለት እጄ ገለበጥኩላት፣ ኪቦርዱ ጣራ ሆነ።
አየችኝ። ሳቋ ቆመ።
«ሸበትክ» አለች።

ከዚያ ለሮኬት የሚጮኸው ያው ቀንድ፣
ዛሬ ሳይዋዥቅ፣ በአንድ ወጥ ድምፅ፣ ለሰንበት።
እንደ ተገለበጠ ዘጋሁት።

እሑድ አቃናዋለሁ።
የጎበጠ ማቅናትማ እጄ አልረሳም።