ታኮ

ደጀን አፋፉ ላይ ቤታችን ዳገት ነው፤
የአባቴን ፒክአፕ ድንጋይ ነበር የሚያቆመው።
ማንሻው ቢሳብ ቢሳብ ቀጭ ቀጭ ይላል ባዶ፤
ጎማው ልቡ ሄዷል ቁልቁል፣ አባይ ወርዶ።

እናም ታኮ ነበር፦ አንድ ጥቁር ድንጋይ፣
ጎኑን ጎማ ልሶት የሚያበራ ፀሐይ ላይ።
እኔ ነበርኩ ረዳት፤ ሳይቆም ዘልዬ ወርጄ፣
ታኮውን ከጎማው ሥር እሰካለሁ በእጄ።
«ያዘ?» ይላል አባቴ፣ አንገቱ በመስኮት።
«ያዘ!»
ብዙ ዋሽቼዋለሁ።
በዚች ቃል ግን አንድም ቀን።

ተዝካሩን አውጥተን፣ ልክ በሳምንቱ፣
ምንይችል መካኒክ መጣ ከነብረቱ።
በክሪክ አነሣው፤ ተንጋለለ ከሥሩ፤
ታምቡሩን ሲፈታው ፈሰሰ አፈሩ፦
የአሥራ አንድ ክረምት ጭቃ፣ ጭድ፣ የሸራ ዱቄት።
«ካቦ የለህም» አለኝ ከታች። «ይህ የዝገት ክር ነው።»

ከማርቆስ አስመጣሁ አዲስ ሸራ፣ ካቦ፤
ዳዶውን አጠበቀ፣ ማንሻውን ስቦ።
«አራት ቀጭ። ስድስት ካለህ፣ ተመለስ ወደኔ።»
ልጅ ሳለ ዲማ ነበር፣ ሲቆጥር ቅኔ፤
እጁን በናፍጣ እየታጠበ፣
«የእጅ ፍሬን፣ ‹ን›ን ብትገድፋት፣ የእጅ ፍሬ ናት» አለ፤
«በል እንግዲህ የእጄን ፍሬ!»
ሳቅሁ። ከፈልሁ።

ማታ ዳገቱ ላይ ሞተሩን አጠፋሁ።
ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።
እግሬን ከፔዳሉ በቀስታ አነሣሁ፤
ንቅንቅ አላለም።
ጠበቅሁ። የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ወርጄ ድንጋዩን ከኋላ አወጣሁት፤
ከጎማው ሥር፣ አንድ ጣት ያህል ራቅ አድርጌ፣
አስቀመጥሁት።