ሰንበት የሻረችው

ቅርያት ጋት፣ አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳ ላይ ነው ሥራዬ፤
ከሚንጠባጠብ ልብስ ሥር፣ ጭኔ ነው ጠረጴዛዬ።
ከአርካዲ ጋሪ የገዛሁት፣ ከነአቧራው በአሥር ሼቄል፣
የሞተ ካልኩሌተር አለ። ሆዱን ከፍቼ ስነቅል
ፀሐይ የምትጠጣ መስታወት፣ ጥፍር የምታህል፣ ወጣችልኝ፤
ካሴት በልቶ ካረጀ ቴፕ ሁለት ሞተር ተረፈልኝ።

«ባትሪዋስ?» ይላል ፈንታ፣ ባሌ። «ባትሪ የላትም» እላለሁ።
«ማብሪያ ማጥፊያስ?» «የላትም።» «ታዲያ ለምን ትሆናለች?» እስቃለሁ።
እንዴት ብዬ ላስረዳው? ብርሃን፣ ጠብታ በጠብታ፣
ሆዷ ይጠራቀምና፣ ሲሞላ፣ ለአንዳፍታ
እመር! ትላለች። አንድ ጣት ያህል ተንከባልላ ትቆማለች፤
ደመወዝ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ወር እስኪሞላ ዝም ትላለች።
ፊት ለፊት በየጣሪያው ላይ ውኃ የሚሞቀው በፀሐይ ነው፤
የእኔን ፀሐይ ግን ጎረቤት «የልጅ ጨዋታ» አለው።

ግራ ዓይኗ የቀኙን ጎማ፣ ቀኝ ዓይኗ የግራውን ያዛል፤
ብርሃን በመጣበት በኩል አፍንጫዋ ይዞራል።
ጎማዋ የጠርሙስ ክዳን ነው፣ ከመነዳሪ የለበሰ፤
ጅራቷ የስልክ ሽቦ፣ የልጄን የሞራንን ጥርስ የቀመሰ።

ወዲያው ሆነልኝ አልልም። የመጀመሪያዋ አልነቃነቅ አለች።
ሁለተኛዋ አንድ ቦታ ላይ፣ እንደ ሰከረ ዝንብ ዞረች።
ሦስተኛዋን፣ አራተኛዋን፣ በስታኞ አቃጠልኳቸው፤
መጋረጃው ላይ አለ፣ ሦስቴ ባጥበውም፣ ሽታቸው።
አምስተኛዋ ላይ ተሳስቼ ሽቦ በሽቦ ለወጥኩና
ብርሃን ስታይ ትሸሻለች፤ አማቴ አልጋ ሥር ገባችና
ቀረች። ላስተካክላት ነበር። ግን ነሐሴ እዚህ ዝናብ አያውቅም፤
አስፋልቱ በቀትር ሲቀልጥ ድመት እንኳ ከመኪና ሥር አይወጣም።
እንዲያ ሳስበው፣ ከእኛ ሁሉ ብልጧ እሷ ሆነችብኝ፤
የያዝኩት መበየጃ እጄ ላይ እንዳለ በረደብኝ።

ዓርብ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ፣ ሁሉንም ለቅሜ ከያሉበት፣
በጫማ ካርቶን እከታለሁ። ጨለማው ነው የእነሱ ሰንበት።
አንድ ዓርብ ግን ከፋብሪካው ዓይኔ ቀልቶ፣ ዘግይቼ፣
ሰባተኛዋን ረሳኋት፣ ካርቶኑን በጥድፊያ ዘግቼ።

ቅዳሜ ጠዋት። ቤቱ ዝም። መንገዱ ዝም። የመስኮቱ ሽንቁር
ሳሎኑ ወለል ላይ አስምሯል፣ ቀጭን የብርሃን ክር።
አማቴ፣ አባባ ጀምበሩ፣ ነጭ ለብሰው፣ ጸሎት አድርሰው፣
እግራቸው ሥር ያያሉ። ምንድን ነው እንዲህ ያፈዘዛቸው?
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ወጥታ አንድ ጣት ሄዳ ትቆማለች፤
ትጠራቀማለች፤ ደግሞ አንድ ጣት፤ አቧራ ትጎትታለች፤
ክሩን ይዛ።
ላነሣት ጎንበስ ስል፣ «ተያት!» አሉኝ፣ «እንዳትነኪያት፤
በሰንበት የሥራ ዕቃ አይነካም።»
«አባባ፣ እሷ ሰንበት ሻረች እኮ!»
«ማን ነው ያዘዛት?»
«ማንም።»
«ማን ገፋት?»
«ፀሐይ።»
ጢማቸውን አሻሹ። ቆይተው፣ «ፀሐይም በሰንበት ትሄዳለች፤
እስከ ዛሬ ማን ከሰሳት?»

ከዚያ የእግራቸው ጥላ ወደቀባት፤ ቀጥ አለች።
ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። ሽማግሌው አሰቡ፤
እኔን ሳያዩኝ፣ ቀስ ብለው፣ እግራቸውን ሰበሰቡ።
እመር አለች።

ማታ፣ ሦስት ኮከብ ሲታይ፣ ካርቶን ይዤ ስወጣ ልለቅም፣
ጠሩኝ። «ያቺን፣ አልጋዬ ሥር ያለችውን፣ ፈሪዋን፣
አታውጫት» አሉ። «ቀትር ለእኔም አይስማማኝም።»