ሞራ ንባብ

ፓይሳንዱ ከተማ፣ ከኡራጓይ ወንዝ ዳር፣
ኤውሴቢዮ የሚሉት ሥጋ ሻጭ ነበር።
አርባ ዓመት ሙሉ ቢላ እየሳለ፣
«ጣዕሙ ጮማው ላይ ነው!» ለሰው እያለ፣
ለደንበኛ ቀዩን፣ ለራሱ ነጩን፣
ከፍም ላይ አንሥቶ የጎድን ጫፉን
ጨው ነስንሶ ሲበላ፣ ቅባቱ በጺሙ
ሲንጠባጠብ፣ ያኔ ነበረ ዓለሙ።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት ወጣት ሐኪም፣
(ስሟ ኢቮን ነው፣ ብዙም አትስቅም)
ክንዱን አስራ ቀዳች ደሙን በብልቃጥ፤
ሐሙስ አስጠራችው፣ ወረቀቱን ልትሰጥ።
«ሁለት መቶ ዘጠና» አለች፣ በቀይ ጽፋ።
«የምን ዋጋ ነው?» አላት፣ «የሽንጥ ነው የታፋ?»
«የደምህ ስብ ነው» ስትል፣ ሳቁ ተቆረጠ።
የስንቱን በሬ ሞራ በእጁ የገለጠ፣
ዛሬ የራሱ ሞራ ወረቀት ላይ ፈጠጠ።
«ክኒኑ ይቆይና ሦስት ወር ልስጥህ፤
እግርህ ነው ሐኪምህ፣ ቀጥሎ ማዕድህ።»

ጎህ ሳይቀድ ተነሣ፣ ወንዙ ዳር ወረደ፤
ከሦስተኛው ፋኖስ አልፎ አልተራመደ።
ትንፋሹ እንደ ወናፍ ሽቅብ እየናረ፤
ውሻው ታዝቦት ኖሮ ደጃፍ ላይ ቀረ።
በማግስቱ አራተኛው፤ በሳምንቱ ስድስት፤
በዝናብ ቀን ግን ተኝቶ «ሄጃለሁ» አለ ለሚስት።
ኦዲላ ጫማውን ዳሰሰች፤ ደረቅ መሆኑን አይታ፣
ከራት ሳህኑ አጠገብ አኖረችለት ማታ።
ሳህኑ ላይ ምስር፣ ጎመን፣ የአጃ ቂጣ፤
«የበግ ቀለብ» ብሎ ጎረሰ እየተቆጣ።

እሑድ ነበር ከባዱ። በየጓሮው ፍም፤
የጎድን ጢስ እንደሁ አጥር አያግደውም።
አንዲት ቁራጭ ቀይ ሥጋ፣ የመዳፉን ታህል፣
ጮማዋን ገፍፎላት ያኝካታል፣ ያኝካታል።

ሦስት ወር ተቆጥሮ፣ ደም ተቀዳ እንደገና፤
«ሁለት መቶ ሃያ አራት። ጥሩ ነው፤ ግን ገና።»
ኢቮን ፈገግ አለች (ወይም ለእሱ መሰለው)፤
«ቀንሺልኝ» አላት፣ «መጨረሻው ስንት ነው?»

ዛሬም በሱቁ ውስጥ ያው ሚዛን፣ ያው ቢላ።
«ጮማ ጨምርልኝ» የሚል ሰው ቢመጣ ኋላ፣
ደንበኛ ነውና ቆርጦ ይጠቀልላል፤
ከዚያ ቀና ብሎ «ፋኖሱን ቆጥረሃል?» ይላል።
ውሻውም ይከተለዋል፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰሞኑን፤
እስከ አሥረኛው ፋኖስ። እሱ ያልፋል፣ ብቻውን።