ሦስተኛው በርሜል

ቂጦ ፉርዲሳ ላይ፣ ከወርክሾፑ ጀርባ፣
ቆርቆሮው ይደለቃል ሐምሌ ሲገባ።
ሦስት በርሜል ቆመዋል፣ ሆዳቸው የታጨቀ፣
ያዘሉት በሙሉ በሚዛን የታወቀ፦
አንዱ ደረቅ አሸዋ፣ አንዱ ውሃ ብቻ፣
ሦስተኛው ቅልቅል ነው፣ የሁለቱ ጋብቻ።
«አሥራ ዘጠኝ በመቶ ውሃ» ይላል ወገቡ፤
አባ ጊሳ ጻፉት፣ ቀዩን ቀለም በቀስታ እየሳቡ።

ማክሰኞ መሣሪያው ሰርቦ ይወርዳል፣
ሰማንያ ሜትር ጨለማ ውስጥ ይሄዳል።
እዚያ ቢሳሳትስ ማን ይደርስበታል?
ጉድጓድ አይከራከርም፣ የሰጡትን ይውጣል።
እኛ ታዲያ አስቀድመን እናስምለዋለን፣
በምናውቀው እውነት መሃል አቁመን።

ኢፍቱ ምንጩን አወጣች ከፓራፊን ጎጆው፣
እንደ ፍም አርቃ ይዛ፣ እኔ ሰዓቱን ስጀምረው።

የኒውትሮን ጠባይ ይገርማል፤
ከከባድ ጋር ሲላተም እንደ ኳስ ይነጥራል፣
ጉልበቱን ሳይሰጥ ይዞት ይዞራል።
እኩያውን ሃይድሮጅን ያገኘ ለታ ግን
ያለውን ሁሉ አውርሶ ይቆማል።
ለዚህ ነው ውሃ በበዛ ቁጥር
ቁጥራችን የሚያንሰው።

ደረቁ ልክ መጣ። ውሃውም ልክ።
ሦስተኛው ሃያ ሦስት አለ።

ደገምን። ቁጥር ባሕርዩ ይዋልላል፣
ቢታገሡት ይረጋል ብለን
አንድ ሰዓት ሙሉ ቆጠርን፤
ያው ሃያ ሦስት፣
እንደ ግትር ምስክር፣ ቃሉን ሳያጥፍ።

ካቻቢቴዬን አነሣሁ። ሩብ ዙር ብቻ፣
ከጽሑፉ ጋር ይታረቃል፤
ማንም አያውቅ፣
እኔም እስከ ማክሰኞ እረሳለሁ።

ጠብ።
አንገቴ ላይ፣ ቀዝቃዛ።
ቀና ስል ሌላ ጠብ፣ ከምስማሩ ቀዳዳ
ቀጥ ብሎ ወደ በርሜሉ ክዳን።

አባ ጊሳ ጣታቸውን በማሸጊያው ዙሪያ አዞሩ፤
ጥፍራቸው ስንጥቁ ላይ ቆመ።
«ሦስት ክረምት» አሉ፣
ከእኛ ይልቅ የገዛ ጽሑፋቸውን አፍረው።

በርሜሉን እየተጋገዝን ሚዛን ላይ አወጣነው፤
ስምንት ኪሎ ከብዷል።
የዋሸው፣ እናውቀዋለን ያልነው ነበር፣
ያውም በሚያምር የእጅ ጽሕፈት።

ካቻቢቴውን ኪሴ ከተትሁ፣ ማንም ሳያየኝ፤
ወይም አይተው ዝም ብለውኝ ይሆናል።
ብሩሹን ልቀበላቸው ብል አባ ጊሳ አልሰጡኝም።
አሥራ ዘጠኙን ሰርዘው፣ ቀኑን አስፍረው፣
ጎንበስ ብለው ሃያ ሦስት ጻፉ።

ኢፍቱ የምንጩን ቁልፍ ከጓዳው እየነቀለች፣
«ሲደመር ሲቀነስ አንድ ይበሉበት» አለቻቸው።