ጠባቂ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ ታጥቄ ስኖር
ቆጥሬው አላውቅም ነበር፤
ከዋናው መግቢያ እስከ ደብዳቤው ክፍል፣ ሰባት ነው የብረቱ በር።

በኅዳር፣ ምሳ ሊያበቃ ሲል፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
ሁለት ልጆች ተያያዙ፤ ልገላግል ገባሁ፣ ግራ ቀኝ ሳላይ።
ማን እንደ ገፋኝ ዛሬም አላውቅ፤
የሚያውቁት አይነግሩኝ፣ እኔም አልጠይቅ።
ደረጃውን በጀርባዬ ወረድኩት፤
ቀኝ እጄን ከሥሬ አገኘሁት።

አምስት ወር ታሰረ ክንዴ ከአንገቴ ጋራ፣
ያለ ክስ፣ ያለ ጠበቃ፣ ያለ ቀጠሮ ተራ።
ኔሪስ ማለዳ ማለዳ ሸሚዜን እየቆለፈች
"ቆላፊው ተቆለፈ" ብላ ጀመረች፤
ሳትስቅ ቀረች።

ነርሷ ካሪስ የጎማ ኳስ ሰጠችኝ፤ "እስቲ ጨብጥ፣ አጥብቅ።"
ኳሱ ወድቆ ተንከባለለ፤ ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ ማንንም አላሳቀም።
ቅጹ ላይ አንድ ቃል ጻፈች፦ "አይጠብቅም።"
እኔ ግን ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ አላልቼ፣ አንዴ አጥብቄ፤
አንዴ የጣቴ ነው፣ አንዴ የራሴ። ወጣሁ፣ ወረቀቱን በግራ እጄ አንቄ።

ሚስተር ፕሮበርት ደግ ሰው ነው፤ ዓይኔን ግን አያይም ሲናገር፦
"በቀን አራት ሰዓት፤ ደብዳቤ መክፈት፣ መመርመር።
ደሞዝህ አይነካም፣ ዩኒፎርሙም ያው፤
ካልተመቸህ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን፤ ቀስ በቀስ ነው።"
"ቁልፉስ?" አልኩት።
ሻዩን አማሰለ፤ ስኳር የሌለውን ሻይ። እኔም ተውኩት።

እነሆ፣ አራተኛው በር ላይ ቆሜአለሁ፤ ውጭ የዌልስ ዝናብ፤
የሚከፍትልኝን እየጠበቅሁ፣ እንደ ማንም ሰው፣ በአግባብ።
ፔንሪ መጣ፣ ባልዲና መወልወያውን ይዞ፤
አሥራ አንድ ዓመት ማታ ማታ የቆለፍኩበት ሰው፤
ቆመ፣ ትከሻውን ግድግዳ አስይዞ።
"በሩን አትየው" አለኝ፤ "ያዩት በር ይዘገያል።
ጆሮህን ጣል፤ ቁልፍ ከሩቅ ይሰማል።
ደግሞ ክብደትህን በአንድ እግር ላይ አትጣል።"

ጠባቂ ነበርኩ፤ ጠባቂ ነኝ፤ ከስሜ ፊደል አልተነሣ።
ከኮሪደሩ ጫፍ አንድ ነገር ተንሿሿ፤ ፔንሪ ባልዲውን አነሣ።
እኔም፣ ትንሽ ዘግይቼ፣
ሰማሁ።