ሰባት ከአሥር

ቅዳሜ ማለዳ፣ ግራትስ ከተማ፣
ትራሙ ከሙር ድልድይ ሲያቃስት ሲሰማ፣
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ ሥራዬ መታመም፣
ክፍያው በሰዓት፣ ያውም ያለ ሕመም።

ወረቀት ሰጡኝ፦ «ስምሽ ወይዘሮ ሁበር፤
ዕድሜሽ ስልሳ አንድ፤ ከመሰላል ወድቀሽ ነበር፤
ግራ ጉልበትሽን ሌሊት ያቃጥልሻል፤
‹ስንት?› ሲሉሽ ‹ሰባት› ማለት ይበቃሻል።
እንቅልፍ እንደሌለሽ
ካልጠየቁሽ በቀር አይውጣ ከአፍሽ።»

ከበሩ ውጭ ደግሞ አሥራ አንድ ሐኪሞች፣
ሰው ያደነዘዙ፣ መርፌ የለመዱ እጆች፣
ማኅተም ፍለጋ ዳግም ተማሪ ሆነዋል፤
አንዱ የሞርፊን ልክ ለግድግዳው ይነግረዋል።

የሰው ሕመም ላስታግስ ያለ፣ ሕጉ እንዲህ ይላል፦
ዓመታት በዋርድ ያድራል፣ መዝገቡን በፊርማ ይሞላል፣
የጽሑፉን ፈተና ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ
እኔ ነኝ የቀረሁት፣ የውሸት ጉልበት ያቀፈች ኬላ።

አንደኛው ገባ። «ስንት?» «ሰባት።» ጻፈ።
ሁለተኛው ገባ። «ስንት?» «ሰባት።» ጻፈ፤ አለፈ።
አምስተኛዋ እንቅልፌን ጠየቀች፤ ነጥብ አገኘች።
ስድስተኛው ረሳ፤ ፈታኟ በእርሳስ ሰረዘች።

ትከሻዬ ግን፣
ዘጠኝ ዓመት የሆቴል አንሶላ ያጠፈው፣
በወረቀቱ ላይ ማንም ያልጻፈው፣
ከማለዳ ጀምሮ ይጠዘጥዘኛል፤
ሲብስ ይፈልጠኛል፣ ደግሞ ይነዝረኛል።
ለነዚህ ቃላት በነሱ ቋንቋ አቻ ፈልጌ
ያገኘሁት ቁጥር ብቻ፤ ተውኩት፣ ዋጥ አድርጌ።
በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገሬ ሰው፤
እኔ ግን እየተከፈለኝ ነው የምደብቀው።

ዘጠነኛው ማቴያ፣ ከማሪቦር የመጣ፣
ሸሚዙ ከጀርባው የተጣበቀ፣ ፊቱ የነጣ፣
ጉልበቴን ዳሰሰ፣ ጠየቀ እንደ ደንቡ፤
ድንገት ብዕሩን አኖረ፤ እጄ ላይ ቆየ ቀልቡ።
«በቀኝ ፈርመው፣ ውሃውን በግራ ለምን አነሱ?»
ወረቀቱን አየሁ። የት አለ መልሱ?

ፕሮፌሰር ቫልትራውድ ሰዓቷን አየች፤
«ከጉዳዩ ውጭ ነው፤ ነጥብ የለውም» አለች።
እንቅልፌን ሳይጠይቅ ደወሉ ጮኸበት፣
አራት ነጥብ ነበር፣ ማለፊያው ያለበት።
ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔን! ወንበሩን መልሶ ወጣ።

ውጤቱ በፖስታ ነው፤ ለእኔ ማንም አይነግረኝም።

አሥረኛው ገባ። «ስንት?» አለ።
«ሰባት» አልኩ።
የጉልበቴን አልነበረም።